የችሎታ እምነት ከየት ይመጣል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገዛ ችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚያሳዩት ጥገኝነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ይመረምራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰፊው ሲታይ የሰውን የማሰብ፣ የመተንተንና የመናገር ችሎታ በኮምፒውተር ለማስመሰል የሚሠራ ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ በዚህ ዝግጅት ግን በተለይ ለተጠየቁት ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሱትን እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ መሣሪያዎች ያመለክታል። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በምን ያህል ፍጥነት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እንደገባ ለመረዳት የብሪታንያን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ተቋም ባካሄዳቸው ጥናቶች መሠረት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንደሚጠቀሙ የገለጹት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. 66 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2025 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 92 በመቶ ከፍ ብሏል።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት ግዙፍ የቋንቋ ሞዴል በሚባል ሥርዓት ነው። ሞዴሉ እጅግ ብዙ ከሆነ ጽሑፍ የቃላትን አከታተል አጥንቶ፣ ለቀረበለት ጥያቄ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መልሱን ይገነባል። በዚህም ምክንያት መልሱ የተስተካከለና የሚያሳምን ይሆናል እንጂ ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም፤ የሌለን መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ መጥቀስ፣ ያልተካሄደን ጥናት ከነተመራማሪው ስም ማቅረብ በተደጋጋሚ የታየ ጉድለቱ ነው። ይሁን እንጂ ለተማሪ ከስሕተቱም የሚብስ ነገር አለ፤ መልሱ ትክክል በሆነ ጊዜ እንኳ የማን ችሎታ ውጤት እንደሆነ ተማሪው በልቡ ያውቀዋል።

አንድ ተማሪ የተሰጠውን የትምህርት ተግባር በራሱ ኃይል መወጣት እንደሚችል ያለው ግምት በሥነ ልቦና የችሎታ እምነት ይባላል። ይህን ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ያስተዋወቁት፣ በካናዳ ተወልደው በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አልበርት ባንዱራ ናቸው። የችሎታ እምነት ከአጠቃላይ በራስ መተማመን የሚለየው በአንድ በታወቀ ተግባር ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር የማይፈራ ተማሪ የካልኩለስ ጥያቄ ሲያይ ሊርድ፣ ዝምተኛ የሚባለው ተማሪ ደግሞ የላቦራቶሪ ዘገባ ለመጻፍ አንዳችም ጥርጣሬ ላይኖረው ይችላል። ተማሪው የትኛውን የትምህርት ክፍል እንደሚመርጥ፣ ከአስቸጋሪ ጥያቄ ጋር ስንት ሰዓት እንደሚታገል፣ ከወደቀ በኋላም እንደገና እንደሚሞክር ወይም ተስፋ እንደሚቆርጥ በዚህ እምነቱ መጠን ይወሰናል ለማለት የሚያስደፍር ብዙ ማስረጃ አለ።

ባንዱራ የዚህን እምነት ምንጮች በ4 ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያውና ከሁሉም ብርቱው ምንጭ ተማሪው ራሱ ደክሞ ያገኘው ስኬት ነው፤ ሁለተኛው እርሱን የመሰሉ ሰዎች ጥረው ሲሳካላቸው ማየት፣ ሦስተኛው ከሚያከብራቸው ሰዎች የሚሰማው የማበረታቻ ቃል፣ አራተኛው ደግሞ በሥራው ጊዜ የሚሰማውን የአካልና የስሜት ሁኔታ የሚተረጉምበት መንገድ ነው። የልብ ምቱ ሲጨምር አንዱ ተማሪ አልችልም ማለት ነው ብሎ ይደመድማል፣ ሌላው ግን ለፈተናው መዘጋጀቱን የሚያሳይ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተማሪ መተማመን ላይ የሚያደርሰው ለውጥ በግልጽ የሚታየው እነዚህ 4 ምንጮች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ነው።

መሣሪያው ጽሑፉን ሲጽፍና ጥያቄውን ሲፈታ መጀመሪያ የሚደርቀው ብርቱው ምንጭ ነው፤ አሳይመንቱ ሙሉ ነጥብ ቢያገኝም ተማሪው ደክሞ ያገኘው ስኬት ስላልሆነ ለነገው ሥራ የሚመሰክርለት ነገር አይተውለትም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ የተዋሰው ውጤት ከመዝገብ ላይ ቢሰፍርም የባለቤቱን ልብ አይሞላም። ሁለተኛው ምንጭ የሚጎዳው ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር በቤተ መጻሕፍት ወይም በዶርም ተሰብስቦ ከመወያየት ይልቅ ብቻውን ከስልኩ ጋር ሲቀመጥ ነው፤ እንደ እርሱ የተቸገረ የክፍል ጓደኛው እየተሳሳተ ወደ መልሱ ሲደርስ የማየት ዕድሉን ያጣል፣ በምትኩ በሰከንዶች ውስጥ ያለ ስርዝ ድልዝ የሚወጣ ጽሑፍ እያየ የራሱን ረቂቅ መናቅ ይጀምራል። የማበረታቻ ቃልን በተመለከተ፣ መሣሪያዎቹ ተጠቃሚውን የማስደሰት ዝንባሌ እንዳላቸው በሰፊው ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዓ.ም. የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ አንድ የመሣሪያው ማሻሻያ ተጠቃሚዎችን ከልክ በላይ ያሞግሳል በሚል ለመሰረዝ ተገዷል። ለሁሉም የሚሰጥ ሙገሳ፣ የተማሪውን ሥራ አንብቦ ድክመቱንም ብርታቱንም የሚነግረውን መምህር ቃል ሊተካ አይችልም። አራተኛው ምንጭም አይተርፍም፤ ጭንቀት በተሰማው ቁጥር መሣሪያውን የሚከፍት ተማሪ፣ ጭንቀቱን ታግሦ ቢቀጥል ሥራው ይሳካለት እንደነበር ለማየት ዕድል አያገኝም።

ከዚህ የሚነሣው ችግር ራሱን በራሱ የሚያጠነክር ዑደት ነው። በችሎታው የማይተማመን ተማሪ ውድቀትን ፈርቶ ወደ መሣሪያው ይሄዳል፤ መሣሪያው ስለሠራለት በራሱ የመሥራት ልምድ አያገኝም፤ ልምድ ስለሌለው ቀጣዩ ሥራ ይበልጥ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም ወደ መሣሪያው መልሶ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. የማይክሮሶፍትና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሥራ ዓለም ባሉ 319 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነገር አሳይቷል። በመሣሪያው ላይ ከፍተኛ እምነት የነበራቸው ሰዎች በጥልቀት ለመመርመር ያደረጉት ጥረት አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ በራሳቸው ችሎታ የተማመኑት ግን ይበልጥ በጥልቀት እንደሚመረምሩ ገልጸዋል። ስለዚህ መሣሪያውን በአግባቡ ለመጠቀም ራሱ አስቀድሞ የተገነባ ችሎታና እምነት ያስፈልጋል ማለት ነው።

የጥገኝነት ጉዳት በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በሙከራም ተፈትኗል። በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት በቱርክ አገር ወደ 1000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሂሳብ ትምህርት በ3 ከፍሎ አሠርቷቸዋል። አንደኛው ቡድን በመጽሐፍና በማስታወሻ ብቻ ሲለማመድ፣ ሁለተኛው እንደ ቻትጂፒቲ የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ መሣሪያ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ደግሞ በመምህራን ዕገዛ ተዘጋጅቶ መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ የሚሰጥ መሣሪያ አገኘ። በልምምዱ ጊዜ የሁለተኛው ቡድን ውጤት ከመጀመሪያው በ48 በመቶ፣ የሦስተኛው ደግሞ በ127 በመቶ በልጦ ነበር፤ መሣሪያዎቹ ተወስደው ተማሪዎቹ ለብቻቸው ሲፈተኑ ግን የሁለተኛው ቡድን ውጤት ምንም መሣሪያ ካልነካው ቡድን በ17 በመቶ ዝቅ አለ፣ በፍንጭ የተማረው ቡድን ውጤት ግን በዚህ መልኩ አልወደቀም። ለዚህ ዝግጅት ርዕስ ከሁሉም የሚቀርበው ግኝት፣ ውጤታቸው የወደቀባቸው ተማሪዎች የተማሩት ማነሱን ራሳቸው አለማወቃቸው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሚያመለክተው በራስ መተማመን ሁሉ ጥሩ አለመሆኑን፣ ከእውነተኛው ችሎታ ጋር የተመጣጠነ መተማመን እንጂ ባዶ መተማመን ተማሪን እንደማይጠቅም ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም.፣ በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። አንድን ምንባብ በ4 የጥናት ክፍለ ጊዜያት ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችና በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው በቀሩት 3 ከአእምሯቸው ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ሲነጻጸሩ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት የተሻለ ያስታወሱ ሲሆን፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን እነርሱ 40 በመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታውሰዋል። እንደሚያስታውሱ ይበልጥ እርግጠኛ የነበሩት ግን ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። የቀለለ ነገር የታወቀ ይመስላል፤ የተስተካከለ የመሣሪያ መልስ ያነበበ ተማሪም ገብቶኛል የሚል ስሜት ያድርበታል፣ ስሜቱ የሚፈተነው ግን ወረቀቱን ዘግቶ በራሱ ቃል ለማስረዳት ሲሞክር ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የራሱ የሆነ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት መካከል የተመረጡት ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት መንገድ ተዘጋጅቷል። ይህም ማለት ብዙ ወጣት የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የሚረግጠው ስለ ችሎታው ከባድ ፍርድ ተሸክሞ ነው። በዚህ ላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን በመደንገጉ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ አሳምሮ የሚያስረዳውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ መጻፍ ያቃተው ተማሪ የቋንቋውን ችግር የአእምሮው ድክመት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ላለው ተማሪ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የጠራ እንግሊዝኛ የሚያቀርብ መሣሪያ ታላቅ ፈተና ነው፤ ፈተናውም የሚነሣው ከስንፍና ይልቅ ከኀፍረት በመሆኑ ተግሣጽ ብቻውን አያድነውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና መውሰድና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ተማሪው ወደዚህ ፈተና የሚገባው ያለ ስልክና ያለ ረዳት ነው፤ በቱርኩ ጥናት መሣሪያው ከተወሰደባቸው ተማሪዎች ጋር የሚመሳሰልበት ሰዓት ያኔ ነው። ለዓመታት አሳይመንቱንና የመመረቂያ ጽሑፉን በመሣሪያ ያሠራ ተማሪ ችሎታው ምን ያህል እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ፣ ድንጋጤው ከውጤቱ ባላነሰ ይጎዳዋል።

የችሎታ እምነት በሥራ እንጂ በስጦታ እንደማይገኝ የአገሪቱ ነባር ትምህርትም ይመሰክራል። በቅኔ ቤት ተማሪው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው፣ ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ በመምህሩ ፊት ነግሮና ታርሞ ነው። የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አድርጎ ማቅረብ በዚያ ጉባኤ ነውር ነው፤ የሚፈለገው አዲስ ቅኔ፣ ትንሽም ቢሆን የገዛ ራሱ የሆነ ነው። መምህሩ ለምሳሌ ይቀኛል፣ መንገዱንና ምስጢሩን ይገልጣል፣ ባልንጀሮቹ ሲቀኙና ሲታረሙ ተማሪው ያያል፣ ተራው ሲደርስ ራሱ ይቀኛል። ባንዱራ በጥናት የዘረዘሯቸው የችሎታ እምነት ምንጮች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተሰናኝተው ይገኛሉ፤ ደረጃው የተመጠነ በመሆኑ ተማሪው ከዐቅሙ በላይ ተጥሎ አይሰበርም፣ እርማቱ በሰዓቱ በመሆኑም በስሕተቱ አይጸናም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚሁ መንፈስ ከተሠራና ከተያዘ ጥሩ ረዳት መሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ኮርስ በሚወስዱ 194 ተማሪዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በጥንቃቄ በተዘጋጀ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጠኚ የተማሩት በውይይት ከሚካሄደው ክፍል የበለጠ ዕውቀት ባነሰ ጊዜ እንዳገኙ አመልክቷል። አስጠኚው የተዘጋጀው ሙሉውን መፍትሔ በአንድ ጊዜ እንዳይሰጥ፣ ተማሪው አንድ አንድ እርምጃ እየወሰደ እንዲያስብ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ አንዱ ቴክኖሎጂ በቱርክ ሲጎዳ በሃርቫርድ የጠቀመው፣ በአንደኛው ቦታ የተማሪውን ሥራ ስለወሰደ፣ በሌላው ግን ሥራውን ለተማሪው ስለተወለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ተማሪዎች ሊከተሉት የሚገባው የመጀመሪያው ሥርዓት ቅደም ተከተል ነው። ጥያቄው እንደቀረበ መጀመሪያ የሚያውቁትን፣ ቢሳሳትም እንኳ፣ በወረቀት መጻፍ፣ የተሰናከሉበትን ነጥብ ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መሣሪያውን ስለዚያ ነጥብ መጠየቅ ይገባል። አጠያየቁም ውጤቱን ይለውጠዋል፤ መልሱን ስጠኝ ከማለት ይልቅ የጻፍኩት የት ላይ ተሳሳተ፣ ፍንጭ ስጠኝ፣ ወይም በዚህ ምዕራፍ ላይ ጥያቄ እያወጣህ ፈትነኝ የሚሉ ትእዛዞች ሥራውን በተማሪው እጅ ያቆዩታል። በእንግሊዝኛ ለሚቸገር ተማሪ የሚበጀው ሐሳቡን አስቀድሞ በሚቀለው ቋንቋ ማደራጀት፣ ረቂቁን በራሱ እንግሊዝኛ መጻፍ፣ መሣሪያውም ጽሑፉን ከሥር ጀምሮ እንዲጽፍለት ሳይሆን የሰዋስው ስሕተቶቹን ከነምክንያታቸው እንዲያሳየው ማድረግ ነው። የተሰጠውን ማብራሪያ ካነበበ በኋላ ስልኩን ዘግቶ ለጓደኛው በቃሉ ማስረዳት ከቻለ ተምሯል፤ ካልቻለ ግን ዕውቀቱ ገና የመሣሪያው ነው።

የመምህራንና የተቋማት ድርሻም ቀላል አይደለም። መሣሪያ ተጠቅመሃል የሚል ክስን በመመርመሪያ ሶፍትዌር ብቻ ማስደገፍ አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በ7 መመርመሪያዎች ሲፈትሹ፣ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሆኑት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ናቸው ተብለው በስሕተት ተፈርጀዋል። በገዛ እጁ የጻፈ ተማሪ በዚህ መንገድ ቢከሰስ ለዓመታት ያካበተው እምነት በአንድ ቀን ይናድበታል። ከዚህ የተሻለው መንገድ ተማሪው በክፍል ውስጥ በእጁ የሚጽፍበትን ጊዜ ማብዛት፣ አሳይመንት ከተሰበሰበ በኋላ በአጭር የቃል ጥያቄ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ማድረግ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ቅጂ ብቻ ሳይሆን ረቂቆቹም በአማካሪው እንዲታዩ ማድረግ ነው። በየክፍሉ የተማሪዎች ብዛት ይህን አድካሚ ቢያደርገውም፣ ከመምህር የሚሰጥ አንድ መስመር እውነተኛ አስተያየት ተማሪው ሥራውን የሚያነብ ሰው እንዳለ ስለሚነግረው ድካሙ ከንቱ አይቀርም። የትኛው አጠቃቀም እንደሚፈቀድና የትኛው እንደሚከለከል በየኮርሱ መጀመሪያ በግልጽ መጻፍም ተማሪውን ከፍርሃትና ከድብብቆሽ ያድነዋል።

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የችሎታ እምነት ከገዛ ሥራ የሚገኝ ማስረጃ በመሆኑ ማንም ለማንም ሠርቶ ሊሰጠው አይችልም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደፊትም በትምህርት ውስጥ ይኖራል፤ መኖሩም መልካም ነው፣ ተማሪው ካሰበ በኋላ የሚጠየቅ እንጂ በተማሪው ፈንታ የሚያስብ እስካልሆነ ድረስ። ስለዚህ ይህን ዝግጅት የሚከታተሉ ተማሪዎች ቀጣዩን አሳይመንታቸውን የመጀመሪያውን ገጽ ያለ ምንም መሣሪያ በመጻፍ ይጀምሩት፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ስንት አመጣህ፣ ስንት አመጣሽ ከማለታቸው በፊት ራሳቸው የሠሩት የትኛውን እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ መምህራንም ጉድለት ያለበትን የተማሪ ሥራ ከጠራው የመሣሪያ ጽሑፍ አስበልጠው ያክብሩት፤ ምክንያቱም ታርሞ ሊያድግ የሚችለው የተማሪው የራሱ ሥራ ብቻ ነው።